ስኳሩ ተለካ፤ ልቡስ?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ታክሲ ውስጥ ወይም ገበያ መሃል ራሱን ስቶ ሲወድቅ በአካባቢው ያለ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። «ስኳሩ ወርዶበት ነው» ይባላል። አንዱ ከረሜላ ይፈልጋል፣ ሌላው ለስላሳ ገዝቶ ይሮጣል። ሰውዬው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኑን ይገልጣል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ያገዙትን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ምግብ ካሳለፈ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ በቶሎ ካልታገዘም ሊሞት ይችላል። ችግሩ ግን ሌላ ምክንያት መኖሩን የሚጠረጥር ሰው አለመኖሩ ነው። ከሚወድቁት አንዳንዶቹ የሚወድቁት ስኳራቸው ደህና ሆኖ ልባቸው ለጥቂት ሰከንድ መምታት አቁሞ ነው። ከዚያ ልብ በራሱ ጊዜ እንደገና ይነሳል፣ ምስጋናው ግን ለከረሜላው ይሆናል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ውድቀት ሲመጣ ልብ ላይነሳ ይችላል። ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት የሚነገረው «ድንገት ነው የሄደው» የሚል ነው።

ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን እንደሚጎዳ ዛሬ ብዙ ሰው ያውቃል። የልብ ደም ሥር እንደሚዘጋም ይሰማል። ልብን የሚያስመታውን የኤሌክትሪክ መስመር እንደሚጎዳ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በክትትል ቀጠሮ ላይም ብዙውን ጊዜ አይነሳም።

መስመሩ እንዴት ይሠራል?

ልብ የራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጡንቻ ነው። በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተቀመጡ ጥቂት ሕዋሳት ያለ ማንም ትእዛዝ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ የላይኞቹን ክፍሎች አዳርሶ መሃል ላይ ወዳለች ሌላ ጣቢያ ይደርሳል። እዚያ 0.1 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ይህች መዘግየት ባትኖር የታችኞቹ ክፍሎች ደም ሳይሞሉ ይጨመቁ ነበር። ከዚያ ምልክቱ በአንድ ጥቅል ወርዶ ግራና ቀኝ ይከፈልና በቀጫጭን ክሮች የታችኛውን ጡንቻ በሙሉ ያዳርሳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ በቀን ደግሞ ወደ 100,000 ጊዜ ይደጋገማል።

የሚገርመው ሳይንስ ይህን መስመር ያገኘው ከጫፉ ወደ ምንጩ እየተጓዘ መሆኑ ነው። የመጨረሻዎቹን ክሮች ፑርኪንዬ በ1839 እ.ኤ.አ. ገለጻቸው። ጥቅሉን ቪልሄልም ሂስ በ1893 አገኘው። ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ ጀርመን ማርቡርግ ውስጥ ሲሠራ የመሃሏን ጣቢያ በ1906 አሳየ። የመነሻውን ምንጭ ብሪታንያውያኑ ኪዝና ፍላክ በ1907 ይፋ አደረጉ። ኔዘርላንዳዊው አይንትሆቨን ደግሞ የዚህን ኤሌክትሪክ ጉዞ ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርቶ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ዛሬ በየሆስፒታሉ «ኢሲጂ» የሚባለው ምርመራ የዚያ መሣሪያ ልጅ ነው።

መስመሩ ሲበላሽ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያ ምልክቱ መሃል ላይ ከተገቢው በላይ ይዘገያል፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም፣ ኢሲጂ ብቻ ያየዋል። ቀጥሎ አንዳንዱ ምልክት ሳያልፍ ይቀራል። በመጨረሻ መስመሩ ጨርሶ ይቋረጣል። ያን ጊዜ የታችኞቹ ክፍሎች በራሳቸው አቅም በደቂቃ 30 ወይም 40 ጊዜ ብቻ ይመታሉ። እነሱም ለአፍታ ካቆሙ አንጎል ደም ያጣና ሰውየው ይወድቃል።

አንጎል ደም ሲያጣ ሰውነት ሊንፈራገጥ ይችላል። ስለዚህ የልብ መስመር መቋረጥ በቀላሉ ከሚጥል በሽታ ጋር ይምታታል። የደብሊን ሐኪሞቹ አዳምስ በ1827፣ ስቶክስ በ1846 ስለዚህ ዓይነት ውድቀት ሲጽፉ ነገሩ ከአንጎል ሳይሆን ከልብ ሊመጣ እንደሚችል ለማሳየት ብዙ ደክመዋል። እዚህ ደግሞ የሚንፈራገጥ ሰው ሲታይ ክብሪት ጭሮ የሚያሸት አይጠፋም። የልብ ምቱን ግን የሚቆጥርለት የለም።

ስኳር እዚያ ምን ያደርጋል?

ጉዳቱ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው በሥጋው ላይ ነው። በደም ውስጥ ለዓመታት በዝቶ የኖረ ስኳር ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱን የሚያጠቁረው ኬሚካላዊ ሂደት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ሰውነት ውስጥ በዝግታ፣ በዓመታት መከናወኑ ነው። የልብ ሕዋሳትን የሚደግፈው ለስላሳ ሥጋ ይደርቃል፣ ጠባሳ ይበዛበታል። ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት አንዱን የልብ ሕዋስ ከሌላው የሚያገናኙት ጥቃቅን ድልድዮችም ቦታቸውን ይለቃሉ። ምልክቱ በአንድ በኩል ፈጥኖ በሌላ በኩል ሲጎተት ልብ ከሥርዓት ውጭ መምታት ይጀምራል።

ሁለተኛው በጥቃቅን ደም ሥሮች ላይ ነው። በዓይንና በኩላሊት ላይ የሚታወቀው ጉዳት መስመሩን በሚመግቡት ቀጫጭን ደም ሥሮች ላይም ይደርሳል። ትልቁ ደም ሥር ተዘግቶ የልብ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣም መስመሩ አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

ሦስተኛውና ብዙ ያልተወራለት በነርቭ ላይ ነው። ስኳር እግርን የሚያደነዝዘው ረጃጅም ነርቮችን ቀድሞ ስለሚያጠቃ ነው። ከአንጎል ወርዶ ልብን «ቀስ በል» የሚለው ቬገስ የተባለው ነርቭም ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ቁጭ ብሎም ልቡ በደቂቃ 100 ጊዜ ሊመታ ይችላል፣ ሲተኛም አይረጋጋም። ከአልጋ ሲነሳ ግፊቱ ይወርድና ዓይኑ ይጨልምበታል። ከሁሉ የከፋው የሕመም ስሜቱ መጥፋቱ ነው። ሌላውን ሰው በደረት ሕመም የሚያስጮኸው የልብ አደጋ እሱን «ትንሽ ደከመኝ» ብቻ ሊያሰኘው ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ፊንላንድ ውስጥ 6,146 ሰዎችን ለ25 ዓመታት ያህል የተከታተለና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር በ20 ሚሊግራም በጨመረ ቁጥር በመስመሩ መሃል መቋረጥ የመታመም ዕድል 22 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። የላይኛው የደም ግፊት በ10 በጨመረ ቁጥርም ጭማሪው ያው 22 በመቶ ነበር። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ የተሠራና በ2005 የወጣ ጥናት ደግሞ መስመሩ ጨርሶ የተቋረጠባቸው ሰዎች ከዓይነት 2 ስኳር ሕሙማን መካከል 1.1 በመቶ፣ ስኳር ከሌለባቸው የግፊት ሕሙማን መካከል 0.6 በመቶ መሆናቸውን አገኘ።

እነዚህ ቁጥሮች ሰው ለማስደንገጥ አይበቁም። በፊንላንዱ ጥናት በ25 ዓመት ውስጥ በዚህ ምክንያት ሆስፒታል የገቡት 58 ሰዎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ትንሹ መቶኛ የሚባዛው በብዙ ሕዝብ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በአፍሪካ 24 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖራሉ፤ ከእነሱ 54 በመቶው መታመማቸውን ገና አያውቁም። ሳይታወቅ የኖረ ስኳር ደግሞ ሥጋን ለማድረቅ የሚበቃ ጊዜ ያገኘ ስኳር ነው።

በዚህ ላይ የላይኛው የልብ ክፍል እንደ ቅጠል የሚርገበገብበት ሕመም ይጨመራል። የአሜሪካው የፍራሚንግሃም ጥናት በ1994 እንዳሳየው ስኳር ያለባቸው ወንዶች በዚህ የመያዝ ዕድላቸው 1.4 እጥፍ፣ ሴቶች 1.6 እጥፍ ነው። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሲወጣ ስትሮክ ይሆናል። ብዙዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው በኋላ ነው።

ታዲያ ስኳሩን አጥብቆ ማውረድ ይበቃል?

አይበቃም፤ እንዲያውም ያለ ጥንቃቄ ከተደረገ ጉዳት አለው። በአሜሪካና በካናዳ 10,251 የዓይነት 2 ሕሙማንን ያካተተ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ስኳራቸው አጥብቆ እንዲወርድ ተደረገ፣ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። የካቲት 2008 እ.ኤ.አ. አጥብቆ የማውረዱ ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተወሰነ፤ ምክንያቱም በዚያ ወገን 257፣ በሌላው ወገን 203 ሰዎች ሞተው ነበር። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በኋላ መረጃው ሲፈተሽ ግን ገና ከመነሻው የልብ ነርቭ ጉዳት የነበረባቸው ሰዎች፣ በየትኛውም ወገን ቢሆኑ፣ ጉዳቱ ከሌለባቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ሼፊልድ፣ እንግሊዝ ውስጥ በ2014 የታተመ ሌላ ሥራ ኢንሱሊን የሚወስዱና የልብ ሕመም ስጋት ያለባቸውን 25 ሰዎች ቀንና ሌሊት ተከታተለ። ሌሊት ስኳራቸው ሲወርድ ልባቸው ከልክ በላይ የሚዘገይባቸው ጊዜያት 8 እጥፍ ያህል በዙ። አብዛኛው የሌሊት መውረድ ግን ተኝው ሰው አልተሰማውም። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ በ1991 የ22 የዓይነት 1 ሕሙማን ሞት ተዘግቦ ነበር። አብዛኞቹ ማታ ደህና ሆነው ተኝተው፣ ጠዋት አልጋቸው እንኳ ሳይዘበራረቅ ሞተው የተገኙ ናቸው። ዛሬ ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች ዋነኛው በሌሊት የወረደ ስኳር የልብን ኤሌክትሪክ ማዛባቱ ነው።

ይህ ለጾመኛ አገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መድኃኒቱን እንደወትሮው እየወሰደ የምግብ ሰዓቱን ብቻ የሚቀይር ሕመምተኛ አደጋ ውስጥ ነው። ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አማክሮ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። የሃይማኖት አባቶችም ለታመመ ሰው የሚሰጡትን ፈቃድ ደጋግመው ቢናገሩ የሰው ሕይወት ያተርፋሉ።

ቀጠሮው ላይ የሚጎድለው

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የስኳር ክትትል የሚውል ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይሰለፋል፣ ካርዱ ይወጣል፣ ጣቱ ይወጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል። ሐኪሙ በዚያ ጠዋት ብዙ ሰው ያያል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ጥቂት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ወድቀህ ታውቃለህ? ስትነሳ ያዞርሃል?» የሚለው ጥያቄ ከሚዘለሉት የመጀመሪያው ነው።

መድኃኒቶቹም ትኩረት ይሻሉ። ስኳርና ግፊት አብረው ለያዙት ሰው አቴኖሎል ሊታዘዝለት ይችላል። ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በተጎዳ መስመር ላይ ልብን የበለጠ ያዘገያል፣ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና የልብ መምታትም ይደብቃል። ላብ ብቻ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲሰጡ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል፤ የበዛ ፖታሲየም ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ማለት ማንም በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ያቁም ማለት አይደለም፤ ማቆሙም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ማለት የሚገባው፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ብቻ ሳይሆን የልብ ምቱና ኩላሊቱም ይታዩለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። «የስኳር መለኪያ ስትሪፕ በጠፋበት፣ ኢንሱሊን አንዳንዴ በሚቆራረጥበት አገር ስለ ልብ ኤሌክትሪክ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ አንዳንድ ባለሙያዎች። ስትሪፕና ኢንሱሊን ይቅደሙ፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን እዚህ ከሚያስፈልገው ነገር ትልቁ ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም። የልብ ምት በሁለት ጣትና በሰዓት ይቆጠራል። የነርቭ ጉዳት ፍንጭ በግፊት መለኪያ ይገኛል፤ ሰውየው ተኝቶ ተለክቶ፣ ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሲለካ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ጉዳይ አለ ማለት ነው። ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ። ኢሲጂ የሚያስፈልገው ለሁሉም ሰው በየቀጠሮው አይደለም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ የሚመክረው ስኳር ላለበትና ግፊት ለተጨመረበት ወይም የልብ ሕመም ለተጠረጠረበት ሰው ነው። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ደግሞ በማንኛውም ሚዛን ኢሲጂ ሊነሳ ይገባል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ አያምም፣ ደም አይፈልግም።

ከባዱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። መስመሩ ጨርሶ ለተቋረጠበት ሰው ዘላቂ መፍትሔው ፔስሜከር ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ የመጀመሪያው የሚቀበር ፔስሜከር የተተከለለት አርነ ላርሶን ያን ጊዜ በቀን ደጋግሞ ራሱን የሚስት ሰው ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። እሱ ግን በዕድሜው 26 መሣሪያ ቀይሮ በ2001፣ በ86 ዓመቱ፣ በሌላ ሕመም ሞተ። የሠራለትንም መሐንዲስ፣ የተከለለትንም ሐኪም ቀብሮ ነው የሄደው።

በኢትዮጵያ ፔስሜከር የሚተከልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ በዋናነትም አዲስ አበባ ላይ ናቸው። መሣሪያው በውጭ ምንዛሬ ይገዛል ወይም በልገሳ ይመጣል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመራውና ኬንያንና ናይጄሪያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች 300 ያህል ሕሙማንን ያሳተፈ ሙከራ በ2024 መጨረሻ ውጤቱን አሳውቋል፤ በሕግ ተሰብስቦ፣ ተፈትሾና ከጀርም ነጽቶ ዳግም የተተከለ ፔስሜከር ከአዲሱ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን የልብ ሐኪሞች በርካታ ናቸው። ጤና ሚኒስቴር በዚህ ላይ ግልጽ አቋምና ሕግ ቢያወጣ የእነሱ እገዛ ለአንድ ሳምንት ዘመቻ መጥቶ ከመመለስ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል

ለቤተሰብ፦

1. የወደቀው ሰው ካልነቃ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ ይተኛ፣ ትንፋሹ ይታይ፣ አምቡላንስ ይጠራ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ በኃይልና በፍጥነት መጫን ይጀመር።

2. ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር ይሰጠው። መለኪያ ካለ ግን ከመስጠት በፊት ወይም ወዲያው ይለካ፣ ቁጥሩም ይጻፍ። ከ70 በታች ከሆነ ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም። 110 ወይም 150 ሆኖ ከተገኘ «ስኳሩ ወርዶበት ነው» ማለት አይቻልም።

3. ከአውራ ጣት በታች አንጓው ላይ ሁለት ጣት ተደርጎ የልብ ምቱ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ወድቆ ምቱ ከ50 በታች የሆነ፣ ቁጭ ብሎም ያለማቋረጥ ከ100 በላይ የሚሄድ ወይም ምቱ የሚዘባረቅ ሰው በዚያው ቀን ኢሲጂ ወዳለበት ይወሰድ። ምቱ ደህና ቢሆንም ስኳሩ ሳይወርድ የወደቀ ሰው ያው ምርመራ ያስፈልገዋል።

ለጤና ተቋማት፦ በክትትል ካርዱ ላይ «ወድቆ ያውቃል?»፣ «የልብ ምት»፣ «ቆሞ የተለካ ግፊት» የሚሉ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ። ለእነዚህ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ከሦስቱ አንዱ ሲያጠራጥር ብቻ ኢሲጂ ይታዘዝ።

በየሰፈሩ «ስኳሩ ወርዶበት ነው» እየተባለ ሁለት ሦስት ጊዜ የተነሳ ሰው አይጠፋም። ቤተሰቡ ያውቀዋል። የመጨረሻው ቀጠሮው ላይ ስለ መውደቁ የተጻፈ ነገር እንደሌለም ካርዱን ገልጦ ማየት ይቻላል። ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘውት ይሂዱ።